የዘፈኖችን ፍጥነት ለክቶ በፋይሉ ታግ ውስጥ መጻፍ፦ ቁጥሩ ለምን ይሳሳታል? ለምንስ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ወደ 6,000 የሚጠጉ ዘፈኖች በኮምፒውተሬ ላይ አሉኝ። ግማሾቹ ኤምፒ3 ናቸው፣ የቀሩት ፍላክና ኤም4ኤ። በፍጥነታቸው ለይቼ የሩጫና የዳንስ ዝርዝር ለማውጣት ስለፈለግኩ በአንድ ፕሮግራም ቢፒኤማቸውን (በደቂቃ ስንት ምት እንዳላቸው) አስለካሁ። ውጤቱ ግን ግራ አጋባኝ። በጣም ፈጣኑ ዘፈን 87 ተባለ፣ ቀርፋፋው 140 ሆነ፣ አንዳንዱ 0 ይላል። በዚያ ላይ እዚያ የሚታየው ቁጥር በሌላ ማጫወቻ ስከፍተው የለም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሁሉንም በእጄ ልለካ?»

ምላሽ፦ ሁሉንም በእጅ መለካት አያስፈልግዎትም። ከ6,000ዎቹ ውስጥ በጆሮ መፈተሽ የሚኖርባቸው ጥቂት መቶዎቹ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑም ቁጥሮቹ ራሳቸው ይጠቁሙዎታል። የገጠመዎት ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ችግር ነው። የ87 እና የ140 ነገር የልኬት ጉዳይ ነው። ቁጥሩ በሌላ ማጫወቻ አለመታየቱ ደግሞ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ሁለቱን አደባልቆ ለማስተካከል የሚነሳ ሰው በአንድ ፋይል ላይ አራት አምስት ጊዜ ይጽፍና መጨረሻ ላይ የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ ይጠፋበታል። ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር።

ቁጥሩ የት ነው የተቀመጠው?

ምት የሚለኩ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ለዲጄ ሥራ የተዘጋጁት፣ አብዛኞቹ የለኩትን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የዘፈኑ ፋይል አልተነካም። ሌላው ማጫወቻ ፋይሉን ሲከፍት ባዶ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ፋይሉ በሄደበት አብሮ እንዲሄድ ከተፈለገ ርእሱ፣ የዘፋኙ ስምና የአልበሙ ሽፋን በሚቀመጡበት በታጉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

የታጉ አሠራር እንደ ፋይሉ ዓይነት ይለያያል። ኤምፒ3 ላይ አይዲ3 በሚባለው ታግ ውስጥ ቲቢፒኤም የሚባል መስክ አለ። የአይዲ3 ደንብ እዚህ መስክ ውስጥ የሚገባው ሙሉ ቁጥር እንደሆነና የሚገልጸውም የድምፁን ዋና ክፍል ፍጥነት እንደሆነ ይናገራል። «ዋና ክፍል» የሚለውን ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። በኤም4ኤ ይህ መስክ ቲኤምፒኦ ይባላል፤ ቁጥሩ የሚቀመጠው በሙሉ ቁጥርነት ብቻ ስለሆነ 127.6 ብለው ቢሰጡት 127 ወይም 128 ሆኖ ይገባል። ፍላክ ከሁለቱም ልቅ ነው። የመስኩ ስምም ይዘቱም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ 127.6 ብሎ መጻፍ ይቻላል። ልቅነቱ ግን ጣጣም አለው፤ አንዱ ፕሮግራም መስኩን ቢፒኤም ብሎ ሲሰይም ሌላው ቴምፖ ይለዋል፣ አንዱ የጻፈውንም ሌላው አያየውም። ቢፒኤም የሚለውን ስም ይምረጡ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚያውቁት እሱን ነው። ዌቭ ፋይሎች ካሉዎት መጀመሪያ ወደ ፍላክ ይቀይሯቸው። ድምፁ አንድም ነገር አይጎድልበትም፣ ፋይሉ ያንሳል፣ ታግም በወጉ ይይዛል። ዌቭ ላይ የተጻፈ ታግ አንዱ ጋ ቢነበብ ሌላው ጋ አይነበብም።

ክፍልፋዩ መቅረቱ አያሳስብዎ። ለሩጫና ለዳንስ ዝርዝር ሙሉ ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። ክፍልፋይ የሚያስፈልገው ሁለት ዘፈን ምት በምት ገጥሞ ለሚያስኬድ ሰው ነው። ትክክለኛው 127.6 የሆነ ዘፈን 128 ተብሎ ቢያዝ ከ64 ምት በኋላ፣ ማለትም ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ወደ 94 ሚሊሰከንድ ይዛነፋል፤ ያ በጆሮ በደንብ ይሰማል። እርስዎ ግን ዘፈን ከዘፈን ጋር አያጋጥሙም።

87 ከየት መጣ?

ፕሮግራሙ እንደ እኛ ዘፈን አይሰማም። የሚከታተለው የድምፁ ጉልበት ድንገት ከፍ የሚልባቸውን ቅጽበቶች ነው፤ ኪክ (ትልቁ የእግር ከበሮ) ሲመታ፣ ስኔር (ጮሃዩ ትንሽ ከበሮ) ሲጮህ፣ የጊታር ክር ሲነካ። ከዚያ እነዚህ ቅጽበቶች በየስንት ሰከንዱ እንደሚመላለሱ ያሰላል። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ዘፈን ውስጥ የሚመላለሰው ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ኪኩ በራሱ ልክ ይመላለሳል፣ ስኔሩ በራሱ፣ ሃይሃቱም (ጥንዶቹ የብረት ሳህኖች) በራሱ።

የእርስዎን 87 እንውሰድ። ዘፈኑ ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለው ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሆነ እውነተኛ ፍጥነቱ 174 ሳይሆን አይቀርም። በደቂቃ 174 ምት ሲሆን ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 345 ሚሊሰከንድ ነው። ስኔሩ ግን የሚመታው በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ ብቻ ስለሆነ ከስኔር እስከ ስኔር 690 ሚሊሰከንድ አለ። 60ን በ0.690 ሲያካፍሉ 87 ይመጣል። ፕሮግራሙ ያየው ነገር አለ፤ የቆጠረው ግን እግር የሚረግጥበትን ምት ሳይሆን ስኔሩን ነው። ቀርፋፋው 140 የሆነበት ምክንያትም የዚሁ ግልባጭ ነው። ትክክለኛ ፍጥነቱ 70 ሆኖ ሃይሃቱ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚመታ የሃይሃቱ ቁጥር ተወሰደ።

ከሁለቱ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ ብዙዎቹ መለኪያዎች በ120 አካባቢ ላለው ቁጥር ያደላሉ። ለምሳሌ ሊብሮሳ የተባለው፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የኮድ ስብስብ ምት ፍለጋውን የሚጀምረው፣ ሌላ ካልተነገረው፣ ከ120 ነው። ይህን ካወቁ ሁለቱም ስሕተቶችዎ አስቀድመው የሚጠበቁ ናቸው። በስንት እጥፍ እንደሚራራቁ ሲሰላ 87 ከ174 ይልቅ ለ120 ትንሽ ይቀርባል፤ 140ም ከ70 ይልቅ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ የሚሳሳቱት በዘፈቀደ የተበተኑ ዘፈኖች አይደሉም። ከ90 በታች፣ እንዲሁም 140ና ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው፤ መሐሉ ላይ ያሉት በብዛት ትክክል ናቸው።

እጥፍና ግማሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሦስት ሦስት እየሆነ የሚከፈል ምት ያላቸው ዘፈኖች ግን ከዚህ የከፋ ስሕተት ያመጣሉ። 6/8 በሚባለው የምት አከፋፈል የተሠራ፣ እግር በደቂቃ 60 ጊዜ የሚረግጥበትን ዘፈን ያስቡ። በእያንዳንዱ እርግጫ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ማለትም በደቂቃ 180። ፕሮግራሙ ትንንሾቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ከቆጠራቸው 90 ይላል፣ ሁሉንም ከቆጠረ 180፣ እርግጫውን ለሁለት ከከፈለው 120። 180ን ግማሽ ቢያደርጉት 90 ነው፣ 90ን ግማሽ ቢያደርጉት 45፤ ማካፈሉን ቢቀጥሉበትም 60 አይመጣም። 90ው በ2/3፣ 180ው በ1/3 መባዛት አለበት። በዚህ ዓይነት ዘፈን ላይ «እጥፍ አድርገው፣ ግማሽ አድርገው» የሚለው የተለመደ ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው። ስዊንግ ባላቸው (ምቱ እኩል ሳይሆን ረዘም አጠር እያለ በሚከፈልባቸው) ዘፈኖችም ላይ ይኸው 3 ለ2 የሆነ ስሕተት ይከሰታል፤ 120 የሆነው 80 ወይም 180 ተብሎ ይመጣል።

0 ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ዘፈኑ መደበኛ ምት የሌለው መሆኑ ነው፤ ንግግር፣ ነፃ ማንጎራጎር፣ ወይም አየር ላይ የሚንሳፈፍ ድምፅ ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የለካው መግቢያውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች እመጣበታለሁ። ሦስተኛው ፋይሉ የተበላሸ ወይም መሐሉ ላይ የተቆረጠ በመሆኑ ፕሮግራሙ ከፍቶ ማንበብ አለመቻሉ ነው። ሦስተኛውን ለመለየት የፋይሉን ርዝመት ይመልከቱና እስከ መጨረሻው ያጫውቱት። ምት ለሌለው ዘፈን 0 ብሎ አለመጻፍ፣ መስኩን ባዶ መተው ነው ደጉ። 0 ቁጥር ስለሆነ «ከ100 በታች» በሚል ዝርዝር ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ባዶ መስክ ግን በብዙ ፕሮግራሞች አይገባም።

ከመለካትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ

የትኛውን ምት ነው ፍጥነት ብለው የሚጠሩት? ይህን ፕሮግራም አይወስንልዎትም። እኔ የምመክረው መለኪያ አንድ ሰው ዘፈኑን እየሰማ ሳያስበው እግሩ የሚረግጥበትን ምት መያዝ ነው። አንዳንዶች ሁሉንም በሜካኒካዊ መንገድ ከ70 እስከ 140 ባለው ክልል ውስጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለሁለት ያካፍላሉ፣ ከዚያ በታች ያለውን በሁለት ያባዛሉ። ይህ ወጥ ነው፤ ነገር ግን የ174ቱን ዘፈን ከተረጋጋው 87 ጋር በአንድ መደብ ያስቀምጠዋል። ለዳንስ ዝርዝር ያ ትልቅ ጉዳት ነው።

ለሩጫ ተብሎም ታጉን እጥፍ ማድረግ አያስፈልግም። ብዙ ሯጮች በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይራመዳሉ። 85 ቢፒኤም የሆነ ዘፈን በየሁለት እርምጃው አንድ ምት ስለሚያርፍ ከ170 እርምጃ ጋር ልክ ይገጥማል። ታጉ ላይ እውነተኛው ቁጥር ይቀመጥ፤ የሩጫው ዝርዝር ሕግ ሁለቱንም ክልል ይቀበል፦ ከ80 እስከ 90፣ ወይም ከ160 እስከ 180።

የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች

ሁለት ዓይነት ሥራ ስላለ ሁለት ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኤምፒ3ታግ፣ ኪድ3 እና ፒካርድ ታግ ያርማሉ እንጂ በራሳቸው ምት አይለኩም። ፒካርድ ቢፒኤምን አኩስቲክብሬንዝ ከተባለ የመረጃ ክምችት እንዲያመጣ የሚያስተምሩ የቆዩ መመሪያዎች ያጋጥሙዎታል። ያ ፕሮጀክት አዲስ መረጃ መሰብሰቡን እ.ኤ.አ. በ2022 ስላቆመ በእሱ ላይ አይደገፉ።

ለመለካት፣ ዊንዶውስ ላይ ፉባር2000 ከቢፒኤም መለኪያ ተጨማሪው ጋር ለእንዲህ ያለ ሥራ ቀላሉ ነው፤ ለክቶ ውጤቱን ያሳይዎታል፣ እጥፍና ግማሽ ለማድረግ ቁልፍ አለው፣ ሲያጸድቁ ታጉ ላይ ይጽፋል። በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ከፈለጉ ሚክስ አለ፤ በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ሦስት ኤክስ አለው። በትእዛዝ መስመር መሥራት የሚወዱ ደግሞ ቢትስ የተባለውን ከአውቶቢፒኤም ተሰኪው ጋር ይጠቀማሉ፤ ያ ተሰኪ ከላይ ባነሳሁት ሊብሮሳ የሚለካ ስለሆነ የ120 አድልዎው አብሮት ይመጣል። ለማረም ኤምፒ3ታግን እይዛለሁ፤ የሚከተለው ማብራሪያ በሚክስና በኤምፒ3ታግ ነው።

አካሄዱ

በመጀመሪያ የሁሉም ፋይሎች ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑርዎት። ታግ መጻፍ ድምፁን አይለውጥም፤ ፋይሉን ግን ይለውጣል፣ መሐል ላይ መብራት ቢቋረጥ ደግሞ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ታጉ አጠገብ ትርፍ ባዶ ቦታ ካለ ጥቂት ባይት ብቻ ነው የሚቀየረው፤ ከሌለ ግን ፋይሉ እንዳለ እንደገና ይጻፋል። ፍላክ ሲመረት አብዛኛውን ጊዜ 8,192 ባይት ትርፍ ስለሚተውለት በዚህ ረገድ እምብዛም አያስቸግርም። ፍላክ ሌላም መልካም ነገር አለው፤ ኤምዲ5 የሚባል የድምፁን መለያ አሻራ በውስጡ ስለሚይዝ ከሥራው በኋላ የፍላክን መፈተሻ ቢያስኬዱ ድምፁ እንዳልተነካ በእርግጠኝነት ያውቃሉ።

ከዚያ 30 ዘፈን ለሙከራ ይምረጡ፤ 10 ኤምፒ3፣ 10 ፍላክ፣ 10 ኤም4ኤ። ፈጣን፣ ቀርፋፋ፣ 6/8 የሆነና ረጅም መግቢያ ያለው ይኑርባቸው። ሙሉውን ሂደት፣ ስልክዎ ላይ ያለው ማጫወቻ ቁጥሩን እስኪያነብ ድረስ፣ በእነዚህ ላይ ይጨርሱ። 6,000 ፋይል ላይ የሚደርስ ስሕተት 30ው ላይ ይታያል።

ሚክስ ውስጥ በምርጫዎቹ የምት መለያ ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱ። ፈጣን መለኪያ የሚለውን ያጥፉት። እሱ የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ ስለሚመለከት፣ ድራም በ1፡10 ላይ የሚገባበትን ዘፈን ከመግቢያው ፒያኖ ተነስቶ ይገምታል፤ የእርስዎ 0ዎች የተወሰኑት ከዚህ ዓይነት አሠራር ሊመጡ ይችላሉ። ሁለተኛው «ፍጥነቱ አይለዋወጥም ብለህ ያዝ» የሚለው ምርጫ ነው። በኮምፒውተር ለተሠራ ሙዚቃ ያብሩት፤ ባንድ በአንድ ላይ ሆኖ ያለ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ መሣሪያ) ለተጫወተው ቅጂ ያጥፉት። ስለዚህ ስብስብዎን ለሁለት ከፍለው ማስለካቱ ይጠቅማል።

ዘፈኖቹን መርጠው ያስለኩ። ረጅም ሥራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢተዉት ይሻላል። ሲያልቅ ታግ ላይ ለመጻፍ በቀኝ ክሊክ ሜታዳታ የሚለው ውስጥ ገብተው ወደ ፋይል ታግ ላክ የሚለውን ይጫኑ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጎዱበት ነገር አለ። ሚክስ ሲልክ ቢፒኤሙን ብቻ አይደለም፤ ርእሱን፣ ዘፋኙን፣ አልበሙን፣ በዳታቤዙ ያለውን ሁሉ ይጽፋል። ባለፈው ዓመት ዘፈኖቹን ሚክስ ውስጥ አስገብተው፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ፕሮግራም ርእሶቹን አርመው ከሆነ፣ የድሮዎቹ ርእሶች ተመልሰው እርማትዎን ያጠፉታል። መፍትሔው ከመለካትዎ በፊት «ከፋይል ታግ አስገባ» የሚለውን በሁሉም ላይ ማስኬድ ነው። ከተለካ በኋላ ሳይሆን በፊት፤ አለዚያ ፋይሉ ላይ ያለው የድሮ ቢፒኤም አዲሱን ሊሽረው ይችላል።

ፍተሻው

አሁን ኤምፒ3ታግን ይክፈቱና ቢፒኤም የሚታይበት ዓምድ ይጨምሩ። የዓምዶቹ ራስጌ ላይ በቀኝ ክሊክ የዓምድ ማስተካከያውን ከፍተው አዲስ ዓምድ ይፍጠሩ፤ እሴቱና መስኩ ላይ ቢፒኤም የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል በሁለት % ምልክቶች መካከል ይጻፉ። በቁጥር ደርድር የሚለውን ምልክት ማድረግዎን አይርሱ። ካልሆነ እንደ ፊደል ስለሚደረድረው 128 ከ98 በፊት ይመጣል፤ ዳር ዳሩን ለማየት የሚያደርጉት ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩ። መጀመሪያ 0ዎቹን መርጠው መስኩን ያጥፉ። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች ይያዙ፤ ከ90 በታች፣ እንዲሁም 140ና ከዚያ በላይ። በእነዚህ ውስጥ ዘውጉን እያዩ ብዙውን ሳይሰሙ ማለፍ ይችላሉ። ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ በአብዛኛው ከ118 እስከ 130 ነው፤ 62 የሚል ሃውስ ካዩ ግማሽ ሆኗል። ድራም ኤንድ ቤዝ ከ160 እስከ 180 ነው፤ 87 የሚለው ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ሂፕሆፕ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ 70 የሚለውም 140 የሚለውም ትክክል ሊሆን ይችላልና እዚያ ጆሮ ይወስናል። ቀጥሎ በዘውግ ይደርድሩና በአንድ ዘውግ ውስጥ ከጎረቤቶቹ የተነጠለውን ይፈልጉ። 6/8ዎቹ የሚያዙት በዚህ ነው፤ 90 እና 120 የሚሉት መሐል ላይ ተደብቀው ስለሚቀሩ ጫፍ ላይ አይገኙም።

ከስብስብዎ አንድ አሥረኛው አጠራጣሪ ቢሆን 600 ዘፈን ነው። በዘፈን 15 ሰከንድ ቢሰሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው።

ሲሰሙ መሐሉን ይስሙ፤ መግቢያውን አይደለም። ደንቡ «ዋና ክፍል» ያለው ይህን ነው። ያለ ሜትሮኖም የተቀዳ ዘፈን በ96 ተነስቶ በ103 ሊጨርስ ይችላል፤ አዝማቹ የሚሄድበትን ፍጥነት ይያዙ።

በእጅ መለካት ሲያስፈልግ

ፉባርም ሚክስም በጣት እየመቱ የሚለኩበት ቁልፍ አላቸው፤ የስልክ ሰዓትም ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሰዓቱን ሲጀምሩ የሚያርፈው ምት ዜሮ ነው እንጂ አንድ አይደለም፤ የሚቆጠረው በምትና በምት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዜሮ ብለው ይጀምሩ፣ 32 ሲሉ ያቁሙ፣ 32ን በ60 አባዝተው በሰከንዱ ያካፍሉ። 15 ሰከንድ ከሆነ 128 ነው። አንድ ብለው ጀምረው 32 ላይ ቢያቆሙ ግን የቆጠሩት 31 ክፍተት ነው፤ 32 ብለው ሲያሰሉት አራት ያህል ቢፒኤም ይዛነፋል።

ርዝመቱም ለውጥ ያመጣል። ጣትዎ መነሻውና መድረሻው ላይ በድምሩ 0.1 ሰከንድ ቢያዛንፍ፣ በ120 ፍጥነት 16 ምት ብቻ ቆጥረው ከሆነ ውጤቱ በ1.5 ቢፒኤም ይሳሳታል። 64 ከቆጠሩ ግን ስሕተቱ ወደ 0.4 ይወርዳል። ለዝርዝር 32 ምት ይበቃል።

ከሸክላ ወይም ከካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ካሉዎት ከሌላ ምንጭ ካገኙት ቁጥር ጋር ባይገጥሙ አይደነቁ። ማጫወቻው በ1 በመቶ ከፈጠነ 120 የነበረው 121.2 ይሆናል። ፋይሉ በእርግጥ የሚጫወተው በዚያ ፍጥነት ነውና ታጉም የፋይሉን ፍጥነት ይያዝ።

በጅምላ ማረምና የአጻጻፍ ችግሮች

40 ዘፈን መርጠው እጥፍ ለማድረግ ሲፈልጉ በኤምፒ3ታግ የግራ ሰሌዳ ላይ ቁጥር አይጻፉ፤ የጻፉት አንድ ቁጥር በ40ዎቹም ላይ ያርፋል። ይልቁንስ ከድርጊቶች ውስጥ የመስክን እሴት የሚቀርጸውን መርጠው፣ ቢፒኤም መስክ ላይ የማባዣውን ተግባር በ2 ይስጡት፤ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ይባዛል። መጀመሪያ ክፍልፋዩን ማስወገድ ሥራውን ንጹሕ ያደርገዋል። አንዳንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ የቋንቋ ምርጫ ምክንያት 127,50 ብሎ በነጠላ ሰረዝ ይጽፋል፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም አንዱ 127፣ ሌላው 12750 ያደርገዋል። በማጣሪያው ከ250 የሚበልጥ ቢፒኤም ቢፈልጉ እንዲህ ያሉት ይወጣሉ።

ጽፈው፣ አስቀምጠው፣ ማጫወቻው አሁንም የድሮውን ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። ኤምፒ3 ፋይል በአንድ ጊዜ አይዲ3ም ኤፒኢ የሚባል ታግም ሊሸከም ይችላል። አዲሱ ቁጥር አንዱ ላይ ተጽፎ ማጫወቻው ሌላውን ያነባል። ኤምፒ3ታግ በታግ ዓምዱ ላይ ሁለቱም መኖራቸውን ያሳያል፤ ከምርጫዎቹ ውስጥ ታግ፣ ቀጥሎ ኤምፔግ በሚለው ገጽ ላይ ኤፒኢን አስወግድ የሚለውን ብቻ ምልክት አድርገው ታጉን ማጥፋት ነው። እዚያው ገጽ ላይ አይዲ3ን በ2.3 እትም እንዲጽፍ ቢያደርጉ ደግሞ የቆዩ ማጫወቻዎችም ያነቡታል። ሁለተኛው ቦታ የማጫወቻው ዳታቤዝ ነው። አፕል ሚውዚክ ለምሳሌ የቢፒኤም መስክ አለው፣ በእሱም ዘመናዊ (በተሰጠው ሕግ ራሱን የሚሞላ) ዝርዝር ያወጣል፤ ነገር ግን ውጭ ላይ የተቀየረ ታግን የሚያነበው ዘፈኑ ሲጫወት ወይም የመረጃ መስኮቱ ሲከፈት ነው። ዘፈኖቹን ሁሉ መርጦ የመረጃ መስኮቱን መክፈት ያነቃዋል።

ሳይጻፍ የቀረ ፋይል ካለ ብዙውን ጊዜ በሌላ ማጫወቻ ተከፍቶ የተያዘ ወይም «ለንባብ ብቻ» የሚል ምልክት ያለው ነው። እንዲሁም ታግ ሲጻፍ የፋይሉ ቀን ስለሚቀየር፣ በራሱ የሚገለብጥ የባክአፕ ወይም የደመና ፕሮግራም ካለዎት 6,000ውንም ፋይል እንደ አዲስ ሊጭን ይነሳል። እርማቱ እስኪያልቅ አቁመውት ሲጨርሱ አንድ ጊዜ ያስኬዱት፤ አለዚያ በየእርማቱ ሙሉውን ስብስብ በኢንተርኔት ይልካሉ።

ስልክ ላይ

ብዙ የስልክ ማጫወቻዎች ቢፒኤም ጨርሶ አያሳዩም። ለእነዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ በኤም3ዩ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ይህ ፋይል የዘፈኖቹ አድራሻ በየመስመሩ የተጻፈበት ተራ ጽሑፍ ነው። አድራሻዎቹ ከዲስኩ ስም የሚጀምሩ ከሆነ ስልኩ ላይ አይሠሩም፤ ከዝርዝሩ ፋይል አንጻር የተጻፉ ይሁኑ፣ የፎልደሮቹም አደረጃጀት ስልኩ ላይ እንደ ኮምፒውተሩ ይቀመጥ። ሌላው መንገድ ቡድን በሚለው መስክ ውስጥ «ቀርፋፋ»፣ «መካከለኛ»፣ «ፈጣን»፣ «ሩጫ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ስልክዎ ያንን መስክ እንደሚያነብ በ30ዎቹ የሙከራ ዘፈኖች ላይ አስቀድመው ያረጋግጡ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የፍጥነት ክልሉን ነገ መቀየር ቢፈልጉ ዝርዝሩን እንደገና ማውጣት እንጂ 6,000 ፋይል ላይ እንደገና መጻፍ አይኖርብዎትም።

ከዛሬ በኋላ የሚገቡትን አዳዲስ ዘፈኖች በአንድ የተለየ መቀበያ ፎልደር ውስጥ ያቆዩ። በኤምፒ3ታግ ማጣሪያ ቢፒኤም የሌላቸውን ብቻ አውጥተው እነዚያን አስለክተው፣ ጫፍ ጫፉን ሰምተው ወደ ዋናው ስብስብ ያዛውሩ። በጆሮዎ ያረጋገጧቸውን ዘፈኖች ደግሞ ሚክስ ውስጥ ቢፒኤም ቆልፍ በሚለው ይቆልፏቸው፤ ሌላ ቀን ሁሉንም እንደገና ቢያስለኩ 174ቱ ተመልሶ 87 አይሆንም።